ሰላም ተስፋዬን ፍለጋ

የቦኖሻው መምህር ‹ክራምብስ›ን ከሰው ፍላሽ የገለበጠው አንድ ስም አይቶ ነው፦ ሰላም ተስፋዬ። ባለቤቱ የሰላም ፊልም አያመልጣትም። የባልና ሚስት ታሪክ ነው፣ ጉዞም አለበት ሲላት ቡናውን አቀራርባ ከላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

ፊልሙን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ የቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ዳሎልን ጨምሮ፤ ንግግሩም በአማርኛ። ዘመኑ ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ካንዲ የወዳደቀ ዕቃ ይለቅማል፤ ቁራሌው በሉት። ሰላም ከምትጫወታት ፍቅረኛው ከቢርዲ ጋር የሚኖረው በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ነው። ሰማይ ላይ ለዓመታት የተገተረች መንኮራኩር የመንቀሳቀስ ምልክት ስታሳይ ካንዲ ወደ ሌላ ዓለም የሚመለስ ይመስለውና መንገድ ይጀምራል። ጠንቋይ ያገኛል፤ የገና አባትንም ያገኛል።

ወሬው ሲነገር ይጥማል። ሲታይ ግን ሰውየው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል።

«ሰላምስ?» አለች ባለቤቱ።

«ቤት ሆና ትጠብቀዋለች።»

«ታዲያ ምኑን አብረው ተጓዙት? እኔ እኮ ሰላምን ላይ ብዬ እንጂ ዳሎልንማ በዜናም አይቼዋለሁ!»

ቢርዲ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ስትጸልይ ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ እንደገና ዝምታ። የፊልሙ ርዝመት 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለመምህሩ ግን ከቦኖሻ ወደ ሆሳዕና ሊሄድ ሰው እስኪሞላ ሞተሩን አስነስቶ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ እንደ መቀመጥ ሆነበት። ሚኒባሱ ውስጥ ቢያንስ ረዳቱ ይጮኻል።

ዝግታው ብቻውን ጥፋት አይደለም። የኃይሌ ገሪማ ‹ጤዛ› 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል። እዚያም ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሐይቅ ያያል። ነገር ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ዝም ሲል ተመልካቹ የዝምታውን ምክንያት ያውቀዋል፤ አብዮቱ ጓደኞቹን በልቷል፣ ጀርመን ላይ እግሩን አጥቷል። ካንዲ ዝም ሲል ካሜራው መልክዓ ምድሩን እያደነቀ ነው። መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ ማን ይክዳል!

መምህሩ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየው። ባለቤቱ ግን ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ተነስታለች። ለሚጌል ያንሶና ለመሰሎቹ መልእክት አላት፦ በሚቀጥለው ፊልም ወንዱ የትም ቢሄድ ሰላምን ይዟት ይሂድ።