ክቡርነትዎ፣ እርሳሱን ያስቀምጡ

ክቡር የምክር ቤት አባል፣ የምርጫ ክልልዎን ካርታ ዘርግቼ አየሁት። አንገት አለው፣ ክንድ አለው፣ ጅራትም አለው፤ ሐፍረት ብቻ የለውም። የማሳቹሴትሱ ገዢ ኤልብሪጅ ጄሪ እንዲህ ያለ አውሬ የመሰለ ካርታ ላይ በ1812 (እ.ኤ.አ.) ፈርመው፣ ይኸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጄሪማንደሪንግ፣ ማለትም ወሰንን ለራስ ፓርቲ ጥቅም ማጣመም፣ በተባለ ቁጥር ስማቸው ይነሳል። የእርስዎ ስም በምን እንዲነሳ ይፈልጋሉ?

«ወሰን ማስመር የሕግ አውጪው ሥልጣን ነው» ይላሉ። ተፈታኙ ጥያቄውን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አርሞ፣ «አንደኛ ወጣሁ» ቢል ማን እልል ይልለታል?

«ሕዝቡ ካልፈለገኝ በድምፁ ያውርደኛ!» ይላሉ። ሚሺጋን ላይ በ2018 ተሞክሯል። ለግዛቲቱ የታችኛው ምክር ቤት ከተሰጠው ድምፅ 52 ከመቶ ገደማ ያገኙት ዴሞክራቶች ናቸው። ከ110 ወንበር 58ቱን ይዘው የቀሩት ግን ሪፐብሊካኖች። ሕዝቡ አውርዶ ነበር፤ ካርታው ደግፎ ያዘ። ዘዴው ሁለት ነው፤ የተቃዋሚን መራጭ በጥቂት ክልሎች ማጨቅ፣ የተረፈውን ደግሞ የትም እንዳያሸንፍ በየቦታው መበተን። የታጨቀው ድምፁ ይባክናል፣ የተበተነው ድምፁ ይሰምጣል።

«ካርታውን የሠራነው ለሕዝብ ጥቅም ነው» ይላሉ። የሚሺጋን የኮንግረስ ካርታ በ2011 ሲሠራ አንድ የሪፐብሊካን ሠራተኛ በኢሜይል ምን ጻፈ? የዲትሮይትንና የአካባቢዋን ዴሞክራቶች ቆሻሻ ብሎ ጠርቶ፣ ሁሉንም አራት ክልል ውስጥ መጠቅጠቅ እንደሚቻል በደስታ ገለጸ። ኢሜይሉ አደባባይ የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በፍርድ ቤት ክስ ተጎትቶ ነው። ታዲያ ካርታውን ልትነጥቃችሁ የተነሳችው ኬቲ ፌሂ የት ትሠራ ነበር? በሚሺጋን የሪሳይክሊንግ ማኅበር! ሰውን ቆሻሻ ብላችሁ ስትጥሉ፣ የተጣለውን ማንሳት ሙያዋ የሆነች ሴት መኖሯን ረሳችሁ።

«እሷ ደግሞ ማን ሆና ነው?» ይላሉ። ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ፖለቲከኛ አልነበረችም። ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ፌስቡክ ላይ ጄሪማንደሪንግን ልታገል ነው፣ የሚተባበረኝ ካለ ይንገረኝ ብላ ጻፈች። የማያውቋት ሰዎች መጡ፤ በየከተማው ሕዝብ ሰብስበው አወያዩ፤ ወሰን የማስመሩ ሥራ ከሕግ አውጪው ወጥቶ ለተራ ዜጎች ኮሚሽን እንዲሰጥ፣ ክፍያ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ከ425 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ሕጉ የጠየቀው 315 ሺህ ገደማ ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ እንዳይቀርብ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 3 ይቅረብ አለ። በኖቬምበር 2018 ከመራጩ 61 ከመቶው አጸደቀው። ማን እንደሆነች አሁን ያወቁ ይመስለኛል።

«ተራ ሰው ስለ ካርታ ምን ያውቃል?» ይላሉ። ሰፈሩን ያውቃል። እርስዎ በሰፈሩ የሚያልፉት በምርጫ ሰሞን ነው። በአዲሱ ሕግ መሠረት ከ9,000 በላይ ሰው አመልክቶ፣ 13 ኮሚሽነሮች በዕጣ ተመረጡ። አራት ዴሞክራት፣ አራት ሪፐብሊካን፣ አምስት ከሁለቱም ያልሆኑ። የፓርቲ ሹም፣ ዕጩ ተወዳዳሪና ሎቢስት በሩን አይረግጥም። ካርታውም የሚጸድቀው ከሦስቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው ሲስማማ ነው።

«ኮሚሽኑስ ለዴሞክራቶች አይደል የሠራው?» ይላሉ። በ2022 በአዲሱ ካርታ ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ፤ እውነት ነው። በ2024 ደግሞ ሪፐብሊካኖች የታችኛውን 58 ለ 52 መልሰው ወሰዱ። መራጩ ሐሳቡን ሲቀይር ወንበሩም አብሮ ተቀየረ። እኛ የጠየቅነው ይኼን ነው።

«ግን ተሳስተዋል!» ይላሉ። አዎ፣ ከባድ ስሕተት ሠርተዋል፤ አልሸፍንላቸውም። በ2021 በር ዘግተው ተሰብስበው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጂውን አውጡ ብሎ አስወጣቸው። ከዚያ የባሰው የዲትሮይት ነው። የጥቁሮችን ሰፈሮች ከኤይት ማይል ጎዳና ማዶ ካሉ ከነጮች መንደሮች ጋር እየቀጠሉ አሰመሩ። የከተማዋ ጥቁር መራጮች ከሰሱ፤ ሦስት የፌዴራል ዳኞችም በዲሴምበር 2023 ዘርን ዋና መመዘኛ አድርጋችኋል ብለው 13 የምርጫ ክልሎችን ሻሩ። ከሳሾቹ ትክክል ነበሩ። ኮሚሽኑም እንደገና አሰመረ፤ የታችኛው ምክር ቤት አዲስ ካርታ ለ2024 ምርጫ ደረሰ። የእነሱን ስሕተት አውቀን፣ ተሟግተን አሳርመነዋል። የእናንተን ግን ለማየት እንኳ ሰባት ዓመት ፈጀብን።

«ቅር ያለው ፍርድ ቤት ይሂድ» ይላሉ። በኤፕሪል 2019 የፌዴራል ዳኞች 34 የሚሺጋን ክልሎች ለፓርቲ ጥቅም የተቆረጡ ናቸው ብለው ፈርደው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ እንዲህ ያለ አቤቱታ የፌዴራል ዳኞች ጉዳይ አይደለም አለ። በሩ እንደተዘጋ እያወቁ «ሂዱ አንኳኩ» ይሉናል?

«ሌላውም ፓርቲ ያደርገዋል» ይላሉ። ያደርገዋል! ሜሪላንድ ላይ ዴሞክራቶች ያወጡትን የኮንግረስ ካርታ በ2022 ዳኛ ሽራዋለች። በ2025 ቴክሳስ የቆጠራ ዘመን ሳይደርስ የኮንግረስ ካርታዋን ለሪፐብሊካን ስትቀድ፣ ካሊፎርኒያ ለዴሞክራት ቀደደች። ጎረቤት ሰረቀ ተብሎ ሌብነት አይጸድቅም። የተዘረፈውም በሁለቱም በኩል መራጩ ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድርያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በአትላንታ ወዳላችሁ ወገኖቼ። ሕዝብ ቆጠራው በ2030 ነው፤ ካርታው ከዚያ ቀጥሎ ይሰመራል። ሲቆጠር ዜግነት ያልወሰደውም ይቆጠራልና ፎርሙን ሙሉ። ግዛታችሁ የሕዝብ መድረክ ስትከፍት ሂዱና ሰፈራችሁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁና መስጊዳችሁ፣ ሱቆቻችሁና የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የት የት እንዳሉ ተናገሩ፤ በጽሑፍም አስገቡ። ፊርማ የሚያሰባስብ ጎረቤት በራችሁን ሲያንኳኳም ጉዳዩን ጠይቃችሁ ተረዱ፣ ካመናችሁበት ፈርሙ፤ ከዚያም እናንተ ራሳችሁ የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።