ውሃ ሊስል መቀሌ የሄደ ሠዓሊ

ባሕር መሳል ያማረው ሰው ምጽዋ ይወርዳል፤ ያ ካልሆነለት ሐይቅ ፈልጎ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ይሄዳል። ሠዓሊው ወዳጄ ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለችውን መቀሌን መረጠ። «ውሃ በሞላበትማ ማንም ይስላል» አለኝ። እኔም ሸራና ቀለም ተሸክሜ ተከተልኩት።

ጣጣው ሁሉ የሞኔ ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤትረታ ላይ ባሕር ሲስል፣ ልጆች አምስት ስድስት ሸራ አሸክሞ ይዞር እንደነበር ደራሲው ሞፓሳን ጽፏል። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሞኔም ሸራውን ይለውጣል። ወዳጄ ይህን ካነበበ ወዲህ ከ«ቅጽበት» ሌላ ወሬ የለውም።

መቀሌ ባሕር የላትም ማለቴ አይደለም። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ አፋር ዘልቆ ሲመለስ ጨው ጥሎ ሄዷል፤ ያ ጨው ከአሳሌ እየተጠረበ በግመል ወደ መቀሌ ገበያ ሲወጣ ኖሯል። ባሕሩ ይመጣል፤ ደርቆና በልክ ተቆርጦ ነው እንጂ።

ከከተማው ወጣ ብለን ሮማናት ፏፏቴ ደረስን። ግንቦት ነበር። ከገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ከጀበና የሚቀዳ ያህል ቀጥኗል። ወዳጄ ሸራውን ዘርግቶ ቅጽበት ሲጠብቅ፣ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከኋላችን ቆሞ ታዘበንና «ነሐሴ ላይ አትመጡም?» አለን። እንዲህ ያለ የሥዕል ሐያሲ አዲስ አበባም የለ።

ቅጽበቱ የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ባረፍንበት ቤት ነው። መቀሌ ለዓመታት የጠጣችው በአብዛኛው በአይናለም በኩል ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ከተማዋ ሰፍታ ውሃው አልበቃ ብሎ በፈረቃ ሆነ። የጊባ ግድብም የተወጠነው ለዚሁ ነው። እና በዚያ ሌሊት ግቢው በሙሉ «ማይ መጺኡ!» (ውሃ መጣ!) በሚል ጩኸት ተናወጠ።

ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ አጓራ፤ ከዚያ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ለቀቀ። የቤቱ እመቤት አደይ ነጠላቸውን አገልድመው ትእዛዝ ይሰጣሉ። ቀዩ ውሃ ለባልዲ። ገርጣ ሲል ለልብስ ማጠቢያው ሳፋ። ጠርቶ ኩልል ሲል ለመጠጥ ጄሪካኑ፤ የተረፈው ለሮቶው። የውሃው መልክ በተለወጠ ቁጥር ዕቃው ይለወጣል፤ አንዲት ጠብታ መሬት አትነካም። ሞኔ ቢያያቸው ሸራ ያሸክማቸው ነበር ወይስ ጄሪካን ይሸከምላቸው ነበር? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ወዳጄ በስልኩ መብራት ሊነድፍ ደብተሩን ሲያወጣ አደይ አዩት።

«ወደይ፣ እሱን ኋላ ትስለዋለህ። አሁን ይቺን ያዝ!»

ያዘ። እስኪነጋ ጄሪካን ሲያመላልስ፣ መስመር ሳያሰምር ቧንቧው ቀጥ አለ።

ጠዋት ብሩሽ መንከሪያ ውሃ ለመነ። አደይ ብሩሹን አገላብጠው አዩት፤ ጄሪካኑን አዩት፤ ከዚያ ቀዩን ባልዲ በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። «ለሥዕል ይሄ ምን አለው?»

የሣለው ማዕበል ከዳር እስከ ዳር ዝገት መሰለ። እሱ ግን አላፈረም፤ «ቀይ ባሕር» ብሎ ሰየመው። አደይ ሥዕሉን ራቅ ብለው ቅርብ ብለው አይተው «ጎበዝ» አሉና ባልዲያቸውን ጠየቁ።