ቅርጫ እና የጥርጣሬ ሥርዓት፦ አጭር ጥናት

ቅርጫን የሥጋ ጉዳይ አድርጎ የሚያይ ተመራማሪ ገና ከበረቱ አልወጣም። ሥጋ ብቻ የፈለገ ሰው ሉካንዳ ይሄዳል። የመንደር ሰው ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለመስቀል አዋጥቶ በሬ የሚጥለው ግን እርስ በርስ አለመተማመኑን በወጉ ለማደስ ነው። ቅርጫን ያቆመው ደግነት ነው ይባላል፤ ደግነት ቢሆን ኖሮ ከሁለት በዓል አያልፍም ነበር።

ማስረጃው ቅጠል ላይ ተዘርግቷል። በሬው ተገፎ ሲያበቃ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፤ ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው እየተከተፈ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ጉበቱና ጨጓራው እንኳ ለየመደቡ ቁራጭ ቁራጭ ይደርሰዋል። ዙሪያውን የቆሙት አባወራዎች ዓይን ከቢላው አይነቀልም። አንዱ «ያኛው አነሰ፣ ጨምርበት» ይላል፤ የሚከራከርለት መደብ የማን እንደሚሆን ግን እሱም አያውቅም። ከዚያ እያንዳንዱ ስንጥር፣ ጠጠር ወይም አዝራር ለዕጣ ይሰጣል፤ ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ፣ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰዎች የየራሳቸው ዕጣ ተሰውሮባቸው ቢደነግጉ ፍትሕ ይገኛል ብሎ በሰፊው አትቷል። ስለ ጨጓራ ግን ያለው ነገር የለም።

«ታዲያ ለምን በሚዛን አይመዘንም?» የሚሉ ዘመናውያን አሉ። ሚዛን ኪሎ ያውቃል፤ አጥንት ከጮማ አይለይም። ደግሞም ሚዛን ከገባ የሚታማው ባለ ሚዛኑ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቅርጫ ሐሜቱ እንኳ እኩል ይከፋፈላል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ድልድሉ ይህን ያህል ፍትሐዊ ከሆነ፣ ሁሉም «የኔ አጥንት በዛበት» እያለ ወደ ቤቱ የሚሄደው ለምንድን ነው? ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ማጉረምረምን ከቅሬታ ጋር አምታተውታል። ማጉረምረም የርክክብ ፊርማ ነው። ድርሻውን አንሥቶ በደስታ ዝም ያለ አባወራ ካለ መንደሩ ወዲያው ይጠረጥረዋል፤ ሻኛው በብዛት የደረሰው እሱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጮማ የወጣለትም ለደኅንነቱ ሲል ያጉረመርማል፤ ሚስቱም ከጎረቤት እንዲሰማ አድርጋ ታግዘዋለች።

ሥርዓቱ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ እሱም ዕጣ ጣዩ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በመጪው ፋሲካ የጎረቤትዎ ልጅ ለዕጣ ሊጠራ እንደሚችል ከጠረጠሩ፣ እባክዎ ከዋዜማው ጀምሮ ከረሜላ አይስጡት።