ሞልቶ የተመለሰው አገልግል

ጃርት የዱሩ ሁሉ ጸሐፊ በነበረበት ዘመን ነው አሉ። ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ ብዕር ያደርግና የተበደለውን ሁሉ በመዝገብ ያሰፍር ነበር።

አንድ ቀን ከገደሉ ማዶ፣ ጭልፊት ከሚገዛው አገር ክፉ ወሬ መጣ። ርግቦች ጎህ ሲቀድ እንዳይዘምሩ ተከልክለዋል፤ የዘመሩትም ክንፋቸው ታስሮ ዋሻ ገብተዋል የሚል። "ስንት እንደሆኑ ጽፈህ አምጣ" ብሎ የዱሩ ሸንጎ ሰብሳቢ ዝሆን ጃርትን ላከው።

የዋሻው በር ላይ ጅብ ቆሟል።

"እዚህ በዝማሬ የታሰረ የለም።"

"ገብቼ ልየዋ።"

"የሌለ ነገር ለማየት ምን ያስገባሃል?"

ይህ በር በተረት ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በኤርትራ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከእስልምና ውጭ ያለ አማኝ በግልጽ እንዳያመልክ ተከልክሏል። ከተፈቀደላቸው ወገን የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ እንኳ በ2006 ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በቁም እስር እንዳሉ በ2022 ዐርፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ወደ አገሪቱ እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡትን ዘገባ ያዘጋጁት በሌላ አገር ከሚኖሩ ምስክሮች ጋር 550 ምስጢራዊ ቃለ መጠይቆች አድርገው ነው።

ጃርትም እንደ እነሱ ውጭ ቀረ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለ ቁጥቋጦ ሥር አደረ።

ማለዳ አንዲት አሮጊት ርግብ አገልግል ይዛ መጣች። ጅብ ተቀብሎ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ማታ ባዶውን መለሰላት። በነጋታውም እንዲሁ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ግን አገልግሉ እንደ ሞላ ተመለሰ።

"ከእንግዲህ አታምጪ" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ርግቧ መንገድ ዳር ቁጭ አለች እንጂ አላለቀሰችም። እዚያ አገር ለቅሶም ያስጠይቃል።

"እማማ፣ የልጅዎ ስም ማን ነው?" አለ ጃርት በሹክሹክታ።

"ምን ታደርገዋለህ?"

"እጽፈዋለሁ።"

"የጻፍከውን ጭልፊት ቢያነበውስ? ጎጆ ውስጥ ሁለት ቀርተውኛል፣ ልጄ።"

ስሙን ግን በጆሮው ነገረችው። ጃርት ብዕሩን ቀለም ነከረ፤ መልሶ አወጣው። ስም የሌለውን ሸንጎው አይቀበልም። ስሙ ከተጻፈ ደግሞ ጎጆ የቀሩት ሁለቱ ይታሰራሉ። ቀለሙ ብዕሩ ላይ ደረቀ።

በዚህ መሃል ጅግራ ቀድማው ሸንጎ ደረሰች። በሩን በዓይኗ አላየችም፤ ልቧ ግን ለርግቦቹ ተቃጥሏል። "ዐሥር ሺህ አልቀዋል!" ብላ ጮኸች። ጭልፊት ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ከመጀመሪያውም በአገሩ ዐሥር ሺህ ርግብ እንዳልነበረ ቆጥሮ አሳየ። ሸንጎውም "ለካ ወሬ ነው" ብሎ ሊበተን ተነሣ። ጅግራን ስለ ፍቅሯ አከብራታለሁ፤ ስለ ቁጥሯ ግን ይቅር አልላትም። ዋሻ ውስጥ ያሉትን ሁለተኛ የቀበረቻቸው እሷ ናት።

ጃርት ደርሶ መዝገቡን ገለጠ። በስም የተጻፉት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ገደሉን ተሻግረው ያመለጡና ጻፈን ያሉ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ቀን ይጠቅስና እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ አንድ አገልግል ሞልቶ ተመለሰ። የእናቲቱን ስም አውቃለሁ፤ አልጽፍም።" እንዲህ ያለ ገጽ አርባ አንድ ነበር።

"ይህም ማስረጃ ነው?" አለ ዝሆን።

"በሩ ይከፈትና ሐሰት መሆኑን ያሳዩኝ" አለ ጃርት።

ዝሆን መዝገቡን አልመለሰለትም። ሸንጎውም መልሶ ተቀመጠ።

በእኛም አገር አገልግል ሞልቶ ተመልሷል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ሲገደሉ ሞታቸው ተደብቆ ቆየ። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መቃብራቸው አይታወቅም ነበር።

ዛሬ በየትኛውም አገር የወገንህ አገልግል ሞልቶ ተመልሶብህ እንደሆነ፣ ቀኑን ጻፍ። ስሙን ለመጻፍ ጊዜው እስኪደርስ በልብህ ያዘው። ቁጥሩን ግን አትጨምርበት።