ስለ አነስተኛ የአቅም ግንባታ ርዳታ ለኮልፌ ቀራንዮ ዕድሮችና ማኅበራት የወጣ አዋጅ

ሞዓ ቅጽ ዘእምነገደ ፕሮፖዛል።

እኛ፣ በበጀት ዓመቱ ቸርነት ሥዩማን የሆንን የአነስተኛ ርዳታ ለጋሾች፣ አቅም ላነሰው ሥልጠና፣ ሥልጠና ለበዛበት ደግሞ የሥልጠና ግምገማ የምናድል፣ ለኮልፌ ቀራንዮ ሕዝብ የሚከተለውን እናስታውቃለን።

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በአየር ጤናና በቤተል፣ በአጠና ተራና በሎሚ ሜዳ፣ በዘነበ ወርቅ፣ በዓለም ባንክና በካራ ቆሬ የምትኖር፣ ዕድር የመሠረትህ፣ ጽዋ የምታዞር፣ ዕቁብ የምትጥል፣ የሞተ ጎረቤትህን ልጅ ከልጅህ ጋር በአንድ ገበታ የምታበላ ሁሉ፣ ጆሮህን አዘንብለህ አድምጥ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከሰው ጋር ማኅበር ቢገባ በሕግ የታወቀ ሥርዓት እንዲኖረው ስላደረገ፤

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓመታት ገንዘብ አዋጥተው፣ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቁመው፣ ወደ አገራቸው መንገድ ማስጠረጋቸው፣ አቅም ሳይገነባ ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚል ክፉ ምሳሌ ለትውልድ ስለተወ፤

በ1994 ዓ.ም. የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፣ በ2003 ዓ.ም. ስሙ ከሚኒስቴሮች ዝርዝር ሲወጣ፣ አቅም ተገንብቶ ማለቁን የሚያበሥር ነጋሪት ግን ሲጎሰም ስላልሰማን፤

በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወጪ 70 ከመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ከ30 ከመቶ ያልበለጠውም ለአስተዳደር እንዲውል ተደንግጎ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደሩ ወጪ ከ20 ከመቶ እንዳያልፍ ስለተወሰነ፣ ለተሰብሳቢ የሚቀርበው ሻይ ከዓላማው ወገን ነው ወይስ ከአስተዳደሩ የሚለው ክርክር፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ እንደ ተደረገው ያለ ታላቅ ጉባኤ እስኪያስፈልገው ድረስ ስለከረረ፤

በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ ርዝመቱ ሳይታይ «አነስተኛ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ስለ ተገኘው የአቅም ማነስ

የላክናቸው አማካሪዎች ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ ተዘዋውረው ባቀረቡልን ጥናት እንደ ተረዳነው፣ በዚህ ክፍለ ከተማ አንድ ሰው ሌሊት ያረፈ እንደ ሆነ፣ ጡሩምባ ነፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ ይለፍፋል፤ ድንኳኑ ፀሐይ ሳይሞቅ ይተከላል፤ ወንበሩና ሰታቴው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ይቀቅላሉ፤ ወንዶቹ መቃብር ያስቆፍራሉ፤ ገንዘብ ያዡ ለሐዘንተኛው ቤት በደንቡ የሚገባውን ብር ቆጥሮ ያስረክባል፤ ጸሐፊውም ይህን ሁሉ ዳሩ በተበላ በአንድ ደብተር ይመዘግባል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲፈጸም ስትራቴጂያዊ ዕቅድ አልተጻፈም፤ የባለድርሻ አካላት ጉባኤ አልተጠራም፤ ሊደርስ የሚችለው ሥጋት በሰንጠረዥ አልተዘረዘረም፤ ሟቹም ከመሞቱ አስቀድሞ የመነሻ ጥናት አልተደረገለትም። ስለዚህ በኮልፌ ቀራንዮ ብርቱ የአቅም ማነስ እንዳለ በታላቅ ኀዘን ተገንዝበናል።

አንቀጽ 3። ርዳታው ስለሚገባቸው

፩. ርዳታውን የሚሻ ዕድር የሕጋዊ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ያቀርባል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዕድርንና ዕቁብን ከሕጉ ወሰን ውጭ አድርጎ ትቷቸው እንደ ነበረ አልዘነጋንም፤ ቢሆንም እንዲመዘገብ ያልተገደደ ማኅበር፣ አለመገደዱን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አጽፎ ያምጣ፤ መዝጋቢውም «በመዝገቤ ስለሌለ አላውቀውም» ያለ እንደ ሆነ፣ አለማወቁን በማኅተም አረጋግጦ ይስጠው።

፪. ርዳታው ለገጠር ማኅበረሰብ የታሰበ ስለሆነ አመልካቹ ገጠሬነቱን ያስረዳል። ኮልፌ ቀራንዮ ውሃ በጠየቀ ጊዜ የከተማ ዳርቻ፣ ግብር በተጠየቀ ጊዜ መሐል ከተማ ሆኖ እንደሚገኝ ስለምናውቅ፣ ነገሩ እንዲቀና በጅማ መንገድ ከአስፋልቱ በስተግራ ያለው ዕድር ከተሜ፣ በስተቀኝ ያለው ገጠሬ ሆኖ ይቆጠር፤ በሁለቱም በኩል አባላት ያሉት ዕድር ግን፣ አባላቱ ወደ አንዱ ወገን ተሰብስበው እስኪሰፍሩ ድረስ ይታገሥ።

፫. የዓለም ባንክ ሰፈር ዕድሮች በሰፈራቸው ስም ምክንያት ባለጸጎች ተብለው እንዳይጠረጠሩ፣ ከባንኩ ጋር ሞክሼ እንጂ ሸሪክ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያያይዙ።

፬. ፕሮፖዛል የመጻፍ ሥልጠና የሚሰጠው፣ የሥልጠናውን ፕሮፖዛል በመልካም እንግሊዝኛ ጽፎ ላሸነፈ ብቻ ነው። መጻፍ የማይችል ማኅበርም አለመቻሉን ከ12 ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ፣ ምክንያቱን ከነውጤቱ ተንትኖ ያስረዳ።

አንቀጽ 4። ስለ ገንዘቡ አወጣጥ

ከሚፈቀደው ገንዘብ አስቀድሞ የአማካሪው ክፍያ፣ ቀጥሎ የአዳራሹ ኪራይ፣ ከዚያም የባነሩ፣ የስክሪብቶውና የቦርሳው ዋጋ፣ በመጨረሻም የተሳታፊዎች የውሎ አበል ይነሣል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈ ቢገኝ ስለምን እንደ ተረፈ ይመረመራል። ሥልጠናው በኮልፌ ቢደረግ ተሳታፊው ማታ ከቤቱ ስለሚያድርና የአበሉ ምክንያት ስለሚጠፋ፣ በአዳማ ወይም በቢሾፍቱ ይደረግ፤ የዕድሩ ዳኛም ከቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ቢመለከት የኮልፌ ችግር ይበልጥ እንደሚገለጥለት አንጠራጠርም።

ድንኳን፣ ወንበርና ሰታቴ ዕቃዎች እንጂ አቅም ስላልሆኑ ከርዳታው አይገዙም። ርዳታውን የተቀበለ ዕድር ግን ለድንኳኑ ምሰሶ የሚሆን አጠና በራሱ መዋጮ እንኳ ቢገዛ፣ ከአጠና ተራ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የሻጩን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የመመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ ያቅርብ። ሻጩ «ደረሰኝ የለኝም» ያለ እንደ ሆነ፣ ደረሰኝ ያለው ሻጭ እስኪገኝ ድረስ የሬሳው ባለቤቶች ቀብሩን ያቆዩ።

አንቀጽ 5። ስለ ዘመን አቆጣጠር

በቅጻችን የተሰመሩት ወራት 12 ብቻ ስለሆኑና የእኛም ዓመት በታኅሣሥ ማገባደጃ ስለሚብት፣ ለጳጉሜን የተተወ መስመር የለም። ስለዚህ በእነዚያ 5 ቀናት፣ በዘመነ ሉቃስም በሚጨመረው በ6ኛው ቀን፣ በኮልፌ ቀራንዮ መታመም፣ መሞትም ሆነ መዋጮ መክፈል ለሪፖርት አይበቃም። በጳጉሜን ማረፍ የግድ የሆነበት አባል ቢኖር ዕረፍቱ ወደ መስከረም ተላልፎ ይመዝገብ።

አንቀጽ 6። ስለ ድንገተኛ መከራ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት ባለቁ ጊዜ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ፍለጋ አፈሩን ሲምስ፣ ለቀስተኛውም ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ማንም የማመልከቻ ቀነ ገደብ ጠብቆ አለመምጣቱን ተመልክተናል። ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ ያለ መከራ በዕቅዱ ያልተጠቀሰ እንደ ሆነ፣ ማኅበሩ አስቀድሞ የዕቅድ ማሻሻያ ይጠይቅ፤ መልሱ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጠዋል፤ እስከዚያውም የሚያለቅስ ሰው በራሱ ወጪ ያልቅስ።

አንቀጽ 7። ስለ ሪፖርትና ስለ ቅጣት

፩. በየሩብ ዓመቱ አንድ የስኬት ታሪክ ከነፎቶግራፉ ይቅረብ። ለዚህም አንዲት እናት ትመረጥ፤ ሐዘን ላይ ብትሆንም እንኳ ለፎቶግራፉ ፈገግ ትበል፤ ከርዳታው በፊት ምንም እንዳልነበራት፣ ከርዳታውም በኋላ በራስ የመተማመን መንፈስ እንዳገኘች በገዛ አንደበቷ ትመስክር፤ አንደበቷ እንዳይሳሳትም ምስክርነቱ ተጽፎ ይሰጣት።

፪. ዕድር ከቀብር የቀረ አባሉን በመተዳደሪያ ደንቡ እንደሚቀጣ ሰምተን እጅግ ተደንቀናል። ይህ ቅጣት ለጋሹን አይመለከትም። በአንጻሩ የለጋሹ ዓርማ ከድንኳኑ ደጃፍ ጎልቶ ያልታየ እንደ ሆነ ዕድሩ ይቀጣል።

አንቀጽ 8። ስለ ተሻሩ ልማዶች

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ልማድ፣ በተለይም ሳይጠሩ መድረስ፣ ሳይፈራረሙ ማበደር፣ ያለ አበል መሰብሰብና የታመመን ሰው ያለ ተልእኮ ዝርዝር መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።

አንቀጽ 9። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ነገር ግን የነጋሪት መቺው ዋጋ ከአስተዳደር ወጪ ወገን ሆኖ ስለተገኘ፣ የ20 ከመቶውም ወሰን በረቂቁ ላይ በተደረገው ዓውደ ጥናት አስቀድሞ ስላለቀ፣ የኮልፌ ዕድር ጡሩምባ ነፊ እንደ ልማዱ በማለዳ ተነሥቶ አዋጁን በነፃ ይለፍፍልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን፤ ጡሩምባ የመንፋት አቅም የሚያገኝበትም ሥልጠና በሚመጣው የበጀት ዓመት ይሰጠዋል።