ቆሞ የሚሸልል የለም

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ለመዘከር ሳክስፎን መንፋት ብቻ አይበቃም። የባንዳችን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ለእሱ መታሰቢያ ይሁን ከተባባልን ጀምሮ ይህን ስል ከርሜያለሁ። የምንሠራው የሙከራ ሙዚቃ ነው፤ ክራሩን ከኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከበሮውን ከኮምፒውተር ድምፅ ጋር እናጋጫለን። ሳክስፎን ነፊያችን ግን እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን የጋሽ ጌታቸውን አልበም ትንፋሽ በትንፋሽ አጥንቶ እንዳለ መድገም ጀመረ። አላማረኝም።

ሰውየው ራሱ ማንንም አልደገመማ! ይፋት ተወልዶ፣ በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ፣ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወተ፣ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ያረፈ ታላቅ ሙዚቀኛ ነው። የጦረኛውን ሽለላ ከጉሮሮ አውጥቶ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያስገባ እሱ ነው። ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲወጣም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የውጭ አድማጮች ከአሜሪካዊው ሳክስፎን ነፊ አልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል፤ የእሱ ምንጭ ግን ፎካሪው ነው።

ስለዚህ ከሳክስፎኑ በፊት የነበረውን ድምፅ እንፈልግ አልኩ። የአንዱ ጓደኛችን አያት ለሕክምና ከሰሜን ሸዋ መጥተው ነበርና ለመንናቸው፤ እሺ አሉ።

ስቱዲዮው ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ቀጂው ማይኩን አስተካክሎ፣ «አባባ፣ ከዚህች ቦታ ንቅንቅ እንዳይሉ» አላቸው።

«ቆሜ?» አሉ። «ቆሞ የሚሸልል አይቼ አላውቅም። ዱላዬን ስጡኝ።»

«ዘራፍ!» ብለው ወደ ኋላ ሲሸሹ ድምፃቸው ራቀ፤ ወደ ፊት ሲወረወሩ ማይኩ አልችል አለ፤ ሲዞሩ ዱላው ማቆሚያውን መትቶ ጣለው። የስቱዲዮው ባለቤት ሂሳቡን ተቀብሎ በትህትና አሰናበተን።

በማግስቱ ቀጨኔ አካባቢ ባዶ የቆርቆሮ መጋዘን አገኘን። ማይኮቹን በአራቱም ማዕዘን ተከልን። አባባ ቦታውን በእርምጃ ለክተው፣ «ይኼ ይሻላል» አሉና ጀመሩ። ቆርቆሮው ሲያስተጋባ ሰፈሩ ተነሳ። «ኧረ ሰው ሊጋደል ነው፣ ድረሱ!» እያሉ አንዲት እናት በር ላይ ጮኹ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ዘሎ ገብቶ የአባባን ክንድ ጨመደደ። ከበሮ መቺያችን ሊያስሯቸው መስሎት ጥበቃውን ከኋላ ያዘው፣ እኔም እሱን። ገመዱ እግራችን ላይ ተጠመጠመና አንዱ ማይክ ተሰበረ።

አባባ ግን ደስ አላቸው። የጥበቃው ልጅ ወግ ያውቃል፤ የጋለ ፎካሪ የሚይዘው ሰው ያሻዋል። እንዲያውም እየታገሉት ሽለላቸውን ቀጠሉ፣ እሱም እንደ ልማዱ «ተው አባባ፣ ተው!» እያለ ያዛቸው፤ ሊለቃቸውም አልፈለገም።

ያን ቀን የቀዳነው ድምፅ ለሚክስ የሚመች አይደለም። ይቀርባል፣ ይርቃል፣ የእግር ኮቴ አለበት። ሳክስፎን ነፊያችን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ ያጠናውን ሁሉ ትቶ፣ ወደ ማይኩ እየተራመደና እየሸሸ መንፋት ጀመረ። በጋሽ ጌታቸው አነፋፍ ውስጥ እርምጃ መኖሩን እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ከአምስተርዳሙ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር ሲሠራ ሰባ ዓመት አልፎታል። ከኋላው የሚያጓራውን ጊታር እየተጋፋ ወደ ፊት ይገፋል እንጂ አንድም ቦታ ቆሞ አልጠበቀም።

አሁን ክርክራችን የእናትዮዋ ጩኸት ይቅር ወይስ ይግባ የሚል ነው። ከበሮ መቺው ዜማውን ያበላሻል ይላል። እኔ ይግባ ባይ ነኝ፤ ለሽለላ የደነገጠ ሰው ካልተሰማ፣ አባባ ማንን አስፈራሩ ሊባል ነው?

ረቂቁን ለአባባ በስልክ አሰማናቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «የያዘኝን ልጅ ስም ጻፋችሁ?» አሉ። አልጻፍንም ነበር። ወደ መጋዘኑ ተመልሰን ጠየቅነው፤ ስሙ ከሳክስፎን ነፊው ቀጥሎ ገብቷል።