ስልክን በጀርባው ስለ መመርመር ጥበብ

በዘመናችን ከተነሡት ጥበባት መካከል፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈትለት፣ መጽሐፍ ሳይጻፍለትና መምህር ሳይመደብለት በአጭር ጊዜ እልፍ አእላፍ ሊቃውንትን ያፈራ ቢኖር፣ ርካሽ ስማርት ስልክን አገላብጦ «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» ብሎ የመበየን ጥበብ ነው። በየሰፈሩ የዚህ ጥበብ ባለቤት የሆነ አንድ ሊቅ አይጠፋም፤ ስልክ ሊገዛ ያሰበ ጎረቤት ሁሉ እርሱን ሳያስከትል ወደ መርካቶ አይወርድም፤ ደፍሮ ብቻውን ቢወርድም፣ ገዝቶ የተመለሰው ዕቃ በሊቁ ፊት ቀርቦ ብያኔ እስኪሰጠው ድረስ ስልክ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

የጥበቡ መሠረት፣ የስልክ ምግባርና ትሩፋት ሁሉ በጀርባው ላይ ይገለጣል የሚል ጽኑ እምነት ነው። ስለዚህ ሊቁ ዕቃውን ከባለሱቁ እጅ ሲቀበል ፊቱን አያይም፤ ወዲያው ገልብጦ የካሜራውን ዓይኖች ይቆጥራል። ዓይኑ አንድ የሆነ እንደሆነ ስልኩ ምስኪን ነው፤ ሁለት የሆነ እንደሆነ ለተማሪ ይሆናል፤ ሦስትና አራት የሆነ እንደሆነ ግን፣ በራእየ ዮሐንስ ፊትና ኋላቸው ዓይን የመላባቸው አርባዕቱ እንስሳ የተገለጡለት ይመስል ገጹ ይበራል። ከእነዚያ ዓይኖች አንዱ፣ አበባን ቀርቦ ለማንሣት ነው ተብሎ የተተከለ፣ አቅሙም ከ2 ሜጋፒክስል የማያልፍ መሆኑን፣ ሌላውም ከነጭራሹ ካሜራ ሳይሆን የካሜራ አምሳል ያለው ጌጥ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሰው ቢነሣ፣ ያ ሰው ምቀኛ ነው። «50 ሜጋፒክስል» የሚል ጽሑፍ ሲያይማ ንባቡ ብቻ ይበቃዋል፤ ትርጓሜውን፣ ማለት ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ በመጨረሻው 12.5 ሜጋፒክስል የሆነ ፎቶ የሚያወጣ መሆኑን፣ ሥራ ለፈቱ ሰዎች ይተወዋል።

ከዓይን ቆጠራው ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። በካርቶኑ ላይ ራሙ «4+4» ተብሎ የታተመ እንደሆነ፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጡ እንኳ በማይሰማባቸው የእርግጠኝነት ድምፅ «8 ጊጋ ነው!» ብሎ ያውጃል። ሁለተኛው 4 እውነተኛ ራም አለመሆኑን፣ ስልኩ ለፎቶና ለፋይል ከተሰጠው ቦታ ቆርሶ ራም ብሎ የሰየመው መሆኑን፣ ያም ቦታ ከራሙ እጅግ የዘገየ በመሆኑ የተንቀራፈፈን ስልክ ብዙ እንደማያነቃው፣ ባለ 64 ጊጋ በተባለው ስልክም ላይ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ይኸኛው ሲጨመርበት ለባለቤቱ የሚተርፈው ይበልጥ እንደሚጠብ ሊያስረዳ የሚሞክር ቢገኝ፣ አራትና አራት ስምንት መሆኑን የካደ መናፍቅ ተብሎ ከጉባኤው ይወጣል።

ጥበቡ በሥራ ላይ ሲውል ማየት የሚወድ፣ ቅዳሜ ቀን ከአንድ ስልክ መሸጫ መስታወት አጠገብ ይቁም። ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እናት፣ ከመቀነታቸው ብር እየፈቱ፣ የልጃቸውን ድምፅ አጥርቶ የሚያሰማቸው፣ መልኳንም በኢሞ የሚያሳያቸው፣ መብራት ሲጠፋ ቶሎ የማይዘጋ ስልክ ይጠይቃሉ። ባለሱቁ ወፈር ያለ፣ ባለ አንድ ካሜራ ስልክ አውጥቶ «እማማ፣ ይኼ ድምፁ ቤት ያናውጣል፤ ባትሪውም 5,000 ስለሆነ አያስቸግርዎትም» ይላቸዋል። ሊቁ ይቆጣል።

«ተው እንጂ ወንድሜ! እማማን በአንድ ካሜራ ልትሸኛቸው ነው? ይኼኛውን ይዩት እማማ፤ ባለ አራት ነው፤ ቀጠንም ይላል።»

«ድምፁስ ልጄ?»

«ድምፅ ምን ያደርግልዎታል እማማ፤ ኢርፎን ይገዛሉ።»

እናቲቱም ለጤፍ ያሉትን ብር ጨምረው፣ ባለ አራት ዓይኑን በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደከበደ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ጭማሪ በዚያ ቤት ስንት እንጀራ እንደሚሆን ማስላት ይችላል፤ ይህ ሒሳብ ግን ከካርቶኑ ላይ ስላልታተመ ከሊቁ የትምህርት ክፍል ውጭ ነው።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን ቆጥረው፣ እግሯን አንሥተው ሰኮናዋን መርምረው፣ ጥቂትም አስኪደው ነበር፤ በኮርቻዋ ጥልፍ ተማርኮ ገንዘቡን የቆጠረ ቢኖር የመንደሩ መሣቂያ ይሆን ነበር። ይህን ኋላ ቀር ልማድ ደግነቱ ጥለነዋል። ስክሪኑ ቢሰበር መለዋወጫው በየጠጋኙ ዘንድ ይገኝ እንደሆነ፣ የጥገናውም ዋጋ የስልኩን ስንት እጅ እንደሚሆን መጠየቅ ነውር ነው። ባለሱቁ ዋስትና በጽሑፍ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ነው። የስልኩ ሠሪ የጥበቃ አፕዴት ለስንት ዓመት እንደሚልክ መጠየቅማ ከጥያቄ አይቈጠርም፤ ምንም እንኳ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ቦርሳ በስልኩ ውስጥ የሚያድር ቢሆን፣ ከርካሾቹም ብዙዎቹ ይህን አፕዴት ከሁለት ዓመት በላይ የማያገኙ ቢሆኑ፣ ሌባ መቼም የካሜራውን ብዛት አይቶ ያፍራል።

ከሊቃውንቱ መካከል ወደ ፍጹምነት የደረሱት ደግሞ አዲስ የሚባል ነገር ሁሉ ንቀው፣ የተገመጠ ፖም ምልክት ያለበትን አሮጌ ስልክ ይመርጣሉ። የባትሪው አቅም ከአዲስነቱ 76 በመቶ ላይ መሆኑ፣ ሠሪው ኩባንያ ራሱ ከ80 በመቶ የወረደውን ባትሪ የደከመ ነው ማለቱ አያሳስባቸውም፤ ቻርጀሩን እንደ መቋሚያ ይዘው ሶኬት ካለበት ካፌ ወደ ሶኬት ካለበት ካፌ ይዘዋወራሉ። ከጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ሲደፉት ፖሙ ለሁሉ ይታያል፤ ከዚህ የበለጠ ምን አገልግሎት ይፈለጋል?

እንግዲህ ሸንዘን ላሉት ፋብሪካዎች አንድ ምክር ብንለግስ ከድፍረት አይቈጠርብን። የምንገዛው ጀርባ ከሆነ ዘንድ ስልኩን ለሁለት ከፍለው ይሽጡልን። ጀርባው ስድስትም ይሁን ስምንት ዓይን ተተክሎለት፣ «16+16» ተጽፎበት፣ በወርቅ ቀለም ተለብጦ ለሊቁ ይቅረብ፤ ባትሪው፣ ስፒከሩ፣ ስክሪኑና ሲም ካርዱ ያሉበት ቀሪው ክፍል ግን ለእይታ ስለማይበቃ በረከሰ ዋጋ ለእነዚያ እናት ይሰጥ። ሊቁ ጀርባውን ይዞ ሰፈሩን ይዙር፤ እናቲቱ ከልጃቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ክርክርም፣ ሁለቱም የፈለጉትን አግኝተዋልና፣ በዚያው ይዘጋል።